ቀን ቀን የሚወርደው መርፌ

ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቱ የሸለመኝ የግድግዳ ሰዓት ነው። ክፉ አስበው አይደለም፤ ለሁሉም የሚሰጡት እሱን ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ አንድ መርፌ ካለበት ንቅንቅ እንዳይል እየለመንኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሥራዬ ቧንቧና ቫልቭ በውሃ መሙላት፣ በእጅ ፓምፕ ግፊቱን ከፍ ማድረግ፣ ከዚያ የግፊት ጌጁ ላይ አፍጥጦ መቀመጥ ነበር። መርፌው ከቆመ ዕቃው ጤነኛ ነው፤ ከወረደ የሆነ ቦታ ያፈሳል። አሁን ሳሎን ቁጭ ብዬ ዓይኔ ድንገት ሰዓቱ ላይ ሲያርፍ ልቤ ድንግጥ ይላል። ባለቤቴ ዘሀራ ታየኝና «ሰዓት ነው፣ አብሽር! ምንም አላፈሰሰም» እያለች ትስቅብኛለች።

በሽኝቱ ቀን አንዲት ወጣት መሐንዲስ «ጋሽ ሰይድ፣ በሥራ ዘመንዎ በጣም የፈተነዎት ሥራ የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የኦጋዴንን ሙቀት አንስቼ ቀለድኩና ሁሉም ሳቀ። ዋሸኋት። የፈተነኝ ሙቀት አይደለም፤ ላስታ ብርድ ውስጥ የፈተሽኩት አንድ ቧንቧ ነው። በእኔ ጽሑፍ ሰበብ አንድ ጤነኛ ሰው፣ ያውም ጓደኛዬ፣ ታስሮበታል። ነገሩን ስንት ዓመት ሳገላብጠው ኖሬ አሁንም ግራ እንደገባኝ ነው። ምናልባት ብጽፈው ይጠራልኝ ይሆናል ብዬ ጀመርኩ።

ሙያውን የተማርኩት ኦጋዴን ነው። በደርግ ጊዜ የውጭ ባለሙያዎች እዚያ የነዳጅና የጋዝ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ኢትዮጵያውያን ቴክኒሻኖች ከሥራቸው ይመደቡ ነበር። እኔ የውጫሌ ልጅ ነኝ፤ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ ደብዳቤ ሰጡኝና ካርታ ላይ እንኳ አይቼው ወደማላውቀው በረሃ ላኩኝ። የጉድጓዱ አፍ ላይ ሰው የሚያካክሉ ቫልቮች ይገጠማሉ። ከምድር ሥር የሚመጣውን ጋዝ አፍነው የሚይዙት እነሱ ናቸው። ከመገጠማቸው በፊትም፣ ከተገጠሙ በኋላም በግፊት ይፈተሹ ነበር። ከእነሱ ትንሽ ጋዝ ካመለጠ ክብሪት የሚጭር አንድ ሞኝ ይበቃል።

አለቃዬ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ቀጭን፣ ሥራ ላይ ወሬ የማይወዱ ሰው ነበሩ። መጀመሪያ ያስተማሩኝ አቋቋም ነው። ግፊት ውስጥ ያለ ዕቃ ፊት ለፊት አይቆምም፤ ቡሎን ቢበጠስ የሚመጣው በፊት ለፊት ነውና ሁልጊዜ ከጎን ነው የሚቆመው። ቀጥሎ አየር ማስወጣት። ውሃ ስንሞላ ከላይ ያለችውን ትንሽ ቫልቭ ከፍተው፣ ጣታቸውን አፏ ላይ አድርገው፣ ትፍ ትፍ ማለቷን ትታ ውሃው ያለ ድምፅ እስኪወርድ ይጠብቃሉ። «አየር ውሸታም ነው» ይላሉ። «ይጨመቅልሃል፣ የተሞላ ያስመስልልሃል፣ ኋላ ጉድ ይሠራሃል።» ውሃ ግን አይጨመቅም። ለዚህ ነው የታፈነ ቧንቧ ውስጥ ጥቂት ውሃ ከጎደለ መርፌው ወዲያው የሚናገረው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ደብተራቸው ነበር። እያንዳንዱን ገጽ በማስመሪያ ለሁለት ይከፍሉታል። በግራ «ያየሁት»፣ በቀኝ «ያሰብኩት» ብለው ይጽፋሉ። መጀመሪያ ሰሞን የሽማግሌ ጣጣ መስሎኝ በሆዴ እስቅ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቫልቭ ስንፈትሽ መርፌው ወረደ። እኔ ዘልዬ ተነሳሁና «ያፈሳል!» ብዬ ጮህኩ።

«ምን አየህ?» አሉኝ፣ ቁጭ እንዳሉ።

«ማፍሰሱን ነዋ!»

«አላየህም። መርፌ ሲወርድ ነው ያየኸው። ቀና በል እስቲ።»

ቀና አልኩ። ከየት እንደመጣ የማላውቀው ደመና ፀሐዩን ጋርዶታል። ብረቱ ቀዘቀዘ፣ ውስጡ ያለውም ውሃ ቀዘቀዘ፣ መርፌው ወረደ። ደመናው ሲያልፍ ተመልሶ ወጣ። ጋሽ ደምሴ አልሳቁብኝም። ማስመሪያውን አቀበሉኝና «በል አስምር» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ደብተሬን ለሁለት መክፈል ጀመርኩ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወሎ በድርቅ ስትጎዳ ለውሃ ጉድጓድ ባለሙያ ተፈለገ። «አንተ የወሎ ልጅ ነህ፤ ግፊት ያው ግፊት ነው» ተብዬ ወደ ውሃ ሥራ ተዛወርኩ። ደመወዜ በጥቂት ብር ቀነሰ፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄ ያስረዳኝ አላገኘሁም። ጋሽ ደምሴን የተሰናበትኩት መኪና ላይ ሆኜ ነው። ሌላ ምክር አልጨመሩልኝም። «ደብተርህን እንዳትተው» ብቻ አሉኝ።

ላሊበላ የደረስኩት በወልድያ፣ በጋሸና አድርጌ በጭነት መኪና ላይ ነው። ብርዱ አጥንት ይገባል። ከከተማው በታች ካለው ሸለቆ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ጥሩ ውሃ ተገኝቶ ነበር። ውሃው በብረት ቧንቧ ከጉድጓዱ አፍ ተነስቶ አንድ ጋራ ይወጣል፤ ከጋራው ጀርባ ወደ ጅረት ይወርዳል፤ ከጅረቱ ደግሞ ሽቅብ ከከተማው አናት ወደተሠራው የውሃ ማጠራቀሚያ ጋን ይሄዳል። እኔ ፓምፔንና ጌጄን ይዤ የምቀመጠው ጉድጓዱ አፍ ላይ ነው። ጅረቱ ከጋራው ወዲያ ስለሆነ ከእኔ ቦታ አይታይም። ይህን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ እኔ ልብ አላልኩትም ነበር።

ቧንቧውን የበየደው አስማረ የሚባል የኮን ልጅ ነው። በዕድሜ እኩያዬ፣ ወሬኛ፣ እጁ ግን የተባረከ። የእሱ ብየዳ ላይ ጣት ቢያሳልፉ መጋጠሚያው የት እንደሆነ አይታወቅም። አንድ ቤት ተከራይተን አብረን ነበር የምንኖረው። እሱ ሲጾም እኔ ሥጋ እንዳልጠብስበት ይለምነኛል፤ እኔ ስጾም ደግሞ እሱ እያየኝ ቆሎ ይቆረጥማል። ጅረቱ ጋ ደለል ማስወጫ ትንሽ ቫልቭ ስላለች ጠባቂ ያስፈልጋት ነበርና አጠገቧ ቤት ያላቸው አያ ቢምረው የሚባሉ ገበሬ ተቀጠሩ። የቀጠርኳቸው ዕለት ክንዳቸውን ይዤ «አያ ቢምረው፣ ይህችን ቫልቭ ሰው እንዳይነካብኝ» አልኳቸው።

«ወፍ አላስነካም የኔ ጌታ» አሉኝ። «ልብህን ጥለህብኝ ሂድ።»

ፍተሻው የተጀመረው የገና በዓል ሊደርስ ሳምንት ያህል ሲቀረው ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መርፌውን ሠላሳ አድርሼ ቫልቩን ዘጋሁ። ሦስት ሰዓት አለፈ፤ ቆሟል። አራት ሰዓት ላይ ትንሽ ሸርተት አለ። ቆመ። እንደገና ሸርተት አለ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሃያ ሦስት ነበር።

ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ቀኑ እየሞቀ ሲሄድ መርፌው መውጣት ነበረበት እንጂ መውረድ አልነበረበትም። ደግሞም የሚያፈስ ቧንቧ እኩል እየወረደ ነው የሚሄደው። ይሄኛው ደረጃ እንደሚወርድ ሰው አንድ እግር፣ ቆም፣ አንድ እግር፣ ቆም ይላል። ጌጁን ቀየርኩ፤ ያው ነው። አየር እንደገና አስወጣሁ፤ ያው ነው። ማታውን አይቼ መፍረድ እንዳልችል ሰዓት እላፊ አለ፤ ሳይመሽ ግፊቱን አውርደን ከተማ መግባት ግዴታችን ነበር። ስለዚህ ያ ቧንቧ ሌሊት ምን እንደሚመስል ያየ ሰው የለም።

በሁለተኛው ቀን አስማረ መላ አመጣ። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ደረቅ አመድ ነሰነስን፤ ጠብታ ከወጣ አመዱ ይናገራል። ከጉድጓዱ እስከ ጋኑ በእግራችን እየሄድን ስንነሰንስ ዋልን።

«ነአኩቶ ለአብ ሂደህ ታውቃለህ?» አለኝ፣ ጆንያውን እያራገፈ።

«ምን አለ እዚያ?»

«የዋሻው ጣሪያ ስንት ዘመን ሲያንጠባጥብ የኖረ ነው። ሰው ይሳለመዋል እንጂ በያጁን የጠየቀ የለም።»

ሳቅን። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲቀልድ ልቤ ቶሎ አይስቅም።

በሦስተኛው ቀን የአውራጃው ካድሬ መጣ። ቧንቧው ከገና በኋላ ከላይ በሚመጡ ባለሥልጣናት ይመረቃል ተብሎ ቀን ተቆርጦለታል። «ጓድ ሰይድ፣ ምን ሆነ?» አለኝ። መርፌው እንደሚወርድ ነገርኩት። «ታዲያ የት ነው የሚያፈሰው?» አለኝ። አስማረን ጨምረን ሦስታችን መስመሩን ተከትለን ወጣን። የሁሉም መጋጠሚያ አመድ ደረቅ ነው። ጅረቱ ጋ ስንደርስ ከትንሿ ቫልቭ አጠገብ ያለው የአስማረ ብየዳ ላይ አመዱ ታጥቧል፤ ከሥሩ ያለው አፈር ጭቃ ሆኗል።

«አያ ቢምረው፣ ቫልቯን የነካ ሰው አለ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ኧረ በማርያም! ማንም!» አሉ፣ ዱላቸውን መሬት ላይ መታ አድርገው። ሲናገሩ ዓይናቸው ውስጥ ውሸት አልነበረም።

ካድሬው ጭቃውን አየ፣ አስማረን አየ። አስማረ እጅጌዬን ጎተት አደረገኝ። «ሰይድ፣ ጠርገን ግማሽ ሰዓት እንየው። ከብየዳዬ አይደለም። ግማሽ ሰዓት ብቻ» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። የሚለማመጠኝ መሰለኝ፤ አዘንኩለትም፣ አፈርኩለትም። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነው፤ ካድሬው በመንገዱ ዞሮ የመጣለት መኪና ውስጥ ገብቶ ጥሩምባ ይነፋል። «ነገ እናየዋለን» ብዬው ሄድኩ።

ማታውኑ ካድሬው ቢሮ ቁጭ ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። ቅጹ ላይ «ውጤት» የሚል ቦታ አለ፤ ከሥሩ «ምክንያት» የሚል ቦታ አለ። ውጤቱን ጻፍኩ። ምክንያቱ ላይ እጄ ቆመ።

«ምክንያቱን ገና በርግጠኝነት አላወቅሁም» አልኩት።

«ጓድ፣ አንተ ከበረሃ ድረስ የተላክልን ባለሙያ ነህ። ባለሙያ አላውቅም ይላል እንዴ?» አለኝ። አልጮኸብኝም፤ መሣሪያም አላወጣብኝም። እንዲያው የታዘበኝ መሰለኝና ፊቴ ጋለ። «ጅረቱ ጋ ያለው ብየዳ ሲያፈስ አይቻለሁ» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ።

ቤት ስገባ አስማረ ተኝቶ ነበር፤ ወይም የተኛ መሰለኝ። ሳይነጋ መኪና ቤታችን በር ላይ ቆመ። «አሻጥር» የምትል ቃል ሰማሁ። በዚያ ዘመን ይህች ቃል ከተጠራች ሰው ወደ ቤቱ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። አስማረ ጫማውን እያሰረ አየኝ። የሆነ ነገር ሊለኝ አፉን ከፈተ፤ ወታደሩ ትከሻውን ነካ ሲያደርገው ወጣ። ወደ ወልድያ ነው የወሰዱት።

ከደሴ ሌላ በያጅ መጣ። የአስማረን ብየዳ ቆርጦ አወጣው። ቁራጩን አንስቼ ውስጡንም ውጭውንም አገላብጬ አየሁት። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል እንከን አጣሁበት። ቢሆንም ለራሴ አንድ ሺህ ምክንያት ሰጠሁ፤ ስንጥቁ ሲቆረጥ ጠፍቶ ይሆናል አልኩ፣ ዓይን አያየው ይሆናል አልኩ። አዲሱ ብየዳ አለቀ።

የገና ዕለት ሠራተኛው ሁሉ ከተማ ነው። እኔ በዓሌ ስላልሆነ ብቻዬን ወርጄ መርፌውን ሠላሳ አደረስኩት። ቀኑን ሙሉ ቆመ። ፀጉር ታህል አልወረደም፤ እንዲያውም እኩለ ቀን ላይ በሙቀቱ ትንሽ ከፍ አለ። ቧንቧው ድኗል፣ እንግዲያው ጥፋቱ የአስማረ ነበር ብዬ አመንኩ። ማመኔ ራሱ እንቅልፍ ነሳኝ። የገና ማግስት እንደገና ሞላሁት። አራት ሰዓት ላይ ሸርተት አለ። ቆመ። ሸርተት አለ።

ጌጁን ለአንድ ሠራተኛ ትቼ ጋራውን በሩጫ ወጣሁ። አናቱ ላይ ስደርስ ወደ ታች አየሁ። ነጭ የለበሰ ሰው ከላሊበላ በኩል እንደ ጅረት ይወርዳል። ተሳላሚው ከበዓሉ ወደየአገሩ እየተመለሰ ነው። መንገዱ አያ ቢምረው ደጅ ላይ ቧንቧችንን ያቋርጣል። አያ ቢምረው ቫልቯ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ በእጃቸው የቆርቆሮ ጣሳ አለ። አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ቆመች። አያ ቢምረው ቫልቯን ፈታ አደረጓት፤ ውሃው እየፎጨ ወጣ፤ ጣሳው ሞላ፤ ዘጉ። ሴትዮዋ ጠጣች፣ ለልጇ አጠጣች፣ መረቀች። የተረፈውን አዲሱ ብየዳ ላይ ደፋችው። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ቆመ።

እስክወርድ ድረስ አምስት ሰው አጠጡ።

«አያ ቢምረው!» አልኩ፣ ትንፋሼ ተቆራርጦ። «ሰው እንዳይነካ አላልኩም?»

«ማን ነካ የኔ ጌታ? እኔው እራሴ ነኝ እኮ የምከፍታት። ሌላ ሰው እጁን አላሳረፈባትም» አሉኝ፣ በኩራት። «ኃይሏ ደግሞ! ጣሳውን ሊነጥቀኝ ነው የሚደርስ።»

«ከገና በፊትም ያጠጡ ነበር?»

«ታዲያስ! ስንት ቀን በእግሩ የመጣ ሰው ደጄ ላይ ውሃ ሲለኝ የለም ልበለው? ቧንቧው ሙሉ ሆኖ? ነውር አይደለም እንዴ! ለአንዱም አልከለከልኩም።» ከዚያ ፊቴን አዩትና ፈገግታቸው ጠፋ። «ምነው? አጠፋሁ እንዴ?»

አገር ያወቀው ነገር ነው፤ ላስታ ውስጥ ደጁ የቆመን ተሳላሚ ውሃ የሚነፍግ ሰው የለም። የጉድለቱ ሁሉ ልክ ገባኝ። በገና ዋዜማ ሰሞን ተሳላሚው ሲወጣ መርፌው ወረደ፤ በዓሉ ዕለት መንገዱ ባዶ ሲሆን ቆመ፤ ሰው ሲመለስ እንደገና ወረደ። አንድ እግር፣ ቆም። እያንዳንዷ እርምጃ ጥቂት ጣሳ ውሃ ነበረች። ጭቃውም የጠጪ ትራፊ ነው። አስማረ ወልድያ የታሰረው በዚህ ነው።

አያ ቢምረው አጠገብ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። እውነቱን ብጽፍ አስማረ ይፈታል፤ በምትኩ ጠመንጃ የያዘ ሰው መጥቶ እኚህን ሽማግሌ ይወስዳቸዋል። የመንግሥትን ቧንቧ እየከፈቱ ያፈሰሱ ሰው ናቸውና አሻጥረኛ ለመባል ከአስማረ ይልቅ እሳቸው ይቀርባሉ። ካልጻፍኩ አስማረ እዚያው ይቀራል። ፈራሁ፤ ለእሱም፣ ለእሳቸውም፣ ለራሴም።

«አላጠፉም» አልኳቸው። «ግን ከነገ ጀምሮ ከቫልቯ አይቅዱ። በጀሪካን ውሃ አስቀምጥልዎታለሁ፤ ከእሱ ያጠጡልኝ።»

«እሱማ ቀላል ነው። አስቀድመህ ብትለኝ ኖሮስ?» አሉኝ።

ሦስት ጀሪካን ከጉድጓዱ አስቀድቼ ደጃቸው አኖርኩ። በማግስቱ የተሳላሚው ቁጥር ያው ነው፤ መርፌው ግን ጠዋት እንዳቆምኩት እስክንገባ ድረስ ጠበቀኝ። አዲስ ቅጽ አወጣሁ። ውጤት፦ ቧንቧው ይዟል፤ ተቆርጦ የወጣው የመጀመሪያ ብየዳ ሲመረመር እንከን አልተገኘበትም። ምክንያት የሚለው ጋ ስደርስ «መርፌው ቀድሞ የወረደበት ምክንያት አልታወቀም፤ ብየዳው ሲያፈስም በዓይኔ አላየሁም፤ ስህተቱ የእኔ ነው» ብዬ ጻፍኩ። አላውቅም ማለት እውነት በሆነበት ቀን አፍሬ ሳልጽፈው ቀረሁ፤ ውሸት በሆነበት ቀን ጻፍኩት። ካድሬው አነበበና «ባለሙያ ነህ ብዬህ ነበር» አለኝ። ከዚያ በኋላ የተዛወርኩት ከደረጃዬ ዝቅ ብዬ ነው። ምረቃው ግን በቀኑ ሆነ፤ ባንዲራም ተውለበለበ።

አስማረ ወዲያው አልተፈታም። ወረቀቴ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ክረምት ገባ። ሲፈታ እኔ ወገል ጤና ሌላ ጉድጓድ ላይ ነበርኩ። ተፈታ የሚለውን ወሬ ስሰማ አለቀስኩ፤ ሄጄ ግን አልጠየቅሁትም። ብሄድ «ታዲያ መርፌው በምን ወረደ?» ይለኛል። ብነግረው ወሬኛ ነው፤ ከአፉ አምልጦ ሽማግሌውን ያሳስራል። ባልነግረው ደግሞ በራሱ እጅ ሲጠራጠር ይኖራል። ዛሬ ነገ ስል መንግሥት ተለወጠ፣ አያ ቢምረው አረፉ፣ እኔም ሸበትኩ። ምክንያቱ ሁሉ ካለቀ በኋላም አልሄድኩም።

ያ ሰዓት ግድግዳዬ ላይ ከተሰቀለ በኋላ ግን መቀመጥ አቃተኝ። የዚያን ጊዜውን ደብተር ከሻንጣ ሥር አወጣሁ፤ ከጋሽ ደምሴ በኋላ አንድም ደብተር ጥዬ አላውቅም። ከውጫሌ ተሳፍሬ ኮን ወረድኩ። አስማረን መንገድ ዳር ካለች ቆርቆሮ ቤት አገኘሁት፤ የብረት በርና መስኮት ይሠራል። ሲያየኝ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ።

«ሰይድ ነህ?»

«ነኝ።»

ተቃቀፍን። ወንበር ሰጠኝ። ቧንቧ መበየድ እንደተወ ነገረኝ። «በር ቢያፈስ ማንም አያስረኝም» አለና ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። ሳልቀመጥ ልጨርሰው ብዬ ሁሉንም አወራሁለት፤ ጋራውን፣ ተሳላሚውን፣ ጣሳውን፣ ሁለተኛውን ሪፖርት።

«አውቃለሁ» አለኝ፣ ስጨርስ።

«ምኑን?»

«አያ ቢምረውን ነዋ። አመድ ስንነሰንስ የዋልን ቀን ወደኋላ ቀርቼ እኔም ከዚያች ጣሳ ጠጥቻለሁ። አንድ ጣሳ ምን ያደርጋል ብዬ ነበር። በማግስቱ ጭቃውን ሳይ ነው የደነገጥኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ካድሬው ቆሞ? እጅጌህን የጎተትኩህ ለምን መሰለህ! ግማሽ ሰዓት ብትሰጠኝ እሱን ሸኝተን ልነግርህ ነበር። ማታ ጠበቅኩህ፤ አንተ ቢሮ አመሸህ። ጠዋት ደግሞ እኔ መኪና ላይ ነበርኩ።»

«ወልድያስ? ለመርማሪው ብትናገር ይለቁህ አልነበር?»

«ሽማግሌውን አምጥተው አጠገቤ ሊያስሩልኝ? አጠጡኝ እንጂ ምን በደሉኝ።» የበሩን ብረት በእጁ ደባበሰ። «የሳቸው ገብቶኛል ሰይድ። ያልገባኝ ያንተ ነው። ስንት ዓመት አሰብኩት። ሲያፈስ ‘አይቻለሁ’ ብለህ ነው የጻፍከው፤ መርማሪው አንብቦልኛል። እውነት ያየህ መስሎህ ነበር?»

ደብተሩን አወጣሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ያስቀመጥኩት ለዚህ ቀን ነበር፤ በልቤ ጠበቃዬ እሱ ነበር። ቢያንስ ለራሴ እውነቱን እንደጻፍኩ ይይልኝ ብዬ ገጹን ገልጬ ሰጠሁት። ወደ ብርሃኑ ጠጋ አድርጎ አነበበ። በግራ፦ «ያየሁት፤ ከብየዳው ሥር እርጥብ አፈር።» በቀኝ፦ «ያሰብኩት፤ ብየዳው ሳያፈስ አይቀርም፤ ጠርጎ ማየት ያስፈልጋል።»

ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«ልዩነቱን ታውቅ ነበራ!» አለኝ።

ጠበቃዬ ያልኩት ደብተር ምስክር ሆኖ መጣብኝ። ባላውቅ ኖሮ ስህተት ነበር። አውቄ ነው የጻፍኩት። «አላውቅም ማለት አሳፈረኝ» አልኩት። ከዚህ የተሻለ መልስ ፈልጌ አላገኘሁም፤ እውነቱም ይኸው ነው።

«ለሱ ብቻ?»

«ለሱ ብቻ።»

ደብተሩን ዘግቶ መለሰልኝ። ተነስቶ ያልጨረሰውን በር ከግድግዳው አነሳ፤ አንዱ ጫፍ ያዘነብልበታል። መነጽሩን ዓይኑ ላይ አወረደና ወደ እኔ ሳይዞር «ያዝልኝ» አለኝ።

ያዝኩለት። የብየዳው ብርሃን ዓይኔን እንዳይወጋኝ ፊቴን አዙሬ፣ እስኪጨርስ ቆምኩ። ሲጨርስ «በቃ» አለኝ። የአውቶቡሱ ሰዓት ደርሶ ተሰናበትኩት።

ይቅር ይበለኝ አይበለኝ አላውቅም። በሩን ብቻውን ማንሳት አቅቶት ይሁን፣ ሌላ ማለቱ ይሁን፣ እሱንም አላውቅም። ከመንገድ ዳር አውቶቡስ ስጠብቅ ደብተሩን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁና ባዶ ገጽ ፈልጌ በእጄ ለሁለት ከፈልኩት። በግራ በኩል «አስማረ ያዝልኝ አለኝ፤ ያዝኩለት» ብዬ ጻፍኩ። በቀኝ በኩል ምንም አልጻፍኩም።